የእናቴ ጋን በእንጅባራ

ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል መስሎ አዋቂን መልስ የሚያሳጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ፣ አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ደብተሯን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና «እማዬ፣ አያቴ ሥራዋ ምን ነበር?» አለችኝ። የቤተሰባችሁን ታሪክ ጽፋችሁ ኑ ተብለው ነው። እኔም እጄ ሊጥ ውስጥ እንዳለ፣ ብዙም ሳላስብ፣ «የቤት እመቤት ነበረች ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጻፈችና ሄደች። እኔ ግን የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

እናቴ የቤት እመቤት ብቻ አልነበረችም። ዳንግላ ከተማ ውስጥ ጠላ ጠምቃ እየሸጠች አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። ደብተሬ፣ እርሳሴ፣ ጫማዬ፣ ኋላም አዲስ አበባ ድረስ የመጣሁበት የአውቶቡስ ገንዘብ ከጋን የተቀዳ ነው። ይሁን እንጂ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን በየተራ እያስነሡ የወላጆቻችንን ሥራ ሲጠይቁን፣ «ጠላ ሻጭ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ «የቤት እመቤት» ብዬ ተቀመጥሁ። ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ሳቁ፤ አባቶቻቸው ከእናቴ ቤት ይጠጡ ነበርና። ከ30 ዓመት በኋላ ያንኑ ውሸት በልጄ ደብተር ላይ ሁለተኛ አስጻፍሁት። እናቴ ካረፈች ደግሞ 9 ዓመት አልፏት ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

አንባቢያን ነገሩን እንዲረዱልኝ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ሥራዬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቼን እህቴ ዘንድ እየተውሁ ሥዕል መማር ከጀመርሁ በጊዜው ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የሥዕል ሰዎች «ስቲል ላይፍ» የሚሉት አንድ የሥዕል ዓይነት አለ። የማይንቀሳቀሱ ዕቃዎችን፣ ፍራፍሬም ሆነ ሳሕን ወይም ጠርሙስ፣ በአንድ ቦታ ደርድሮ ብርሃኑና ጥላው እንዴት እንደሚያርፍባቸው እያዩ መሳል ማለት ነው። በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን «አንድ ዓይነት ነገር ምረጡና ሰባት ጊዜ ሳሉት። መጀመሪያ የምታውቁትን ነው የምትስሉት፤ እየቆያችሁ ግን የምታዩትን መሳል ትጀምራላችሁ» ብለው የቤት ሥራ ሰጡን። አንዷ ጓደኛችን የሕፃን ጫማ፣ ሌላዋ አበባ መረጡ። አንድ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ወጣት የቢራ ጠርሙስና ብርጭቆ እሥላለሁ አለ። ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉት። ተራዬ ሲደርስ «እኔ ጠላ እሥላለሁ» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ለቢራ ያልተሳቀው ለጠላ ለምን ተሳቀ? ይህን ስጠይቅ ራሴን በስድስተኛ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጬ አገኘሁት።

በእርግጥ ቢራ ሥዕል ሆኖ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን በሆላንድ አገር፣ በቢራ ጠመቃ በታወቀችው በሐርለም ከተማ፣ እነ ፒተር ክላስና ቪለም ሄዳ ዳቦ፣ ዓሣና በብርጭቆ የተቀዳ ቢራ ጠረጴዛ ላይ እያኖሩ ይሥሉ ነበር። ፈረንሳዊው ኤድዋር ማኔ በ1882 እ.ኤ.አ. በሠራው የፓሪስ መጠጥ ቤት ሥዕል ላይ፣ ከአስተናጋጇ ፊት ከተደረደሩት ጠርሙሶች መካከል ቀይ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያለበት የእንግሊዝ ቢራ ይታያል። አሜሪካዊው ጃስፐር ጆንስ በ1960 እ.ኤ.አ. ሁለት የቢራ ጣሳዎችን በነሐስ ሠርቶ ቀለም ቀባቸው። ጣልያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ደግሞ በቦሎኛ ከተማ ከሦስት እህቶቹ ጋር እየኖረ፣ ጠርሙስና ገንቦ መሰል ዕቃ እያቀያየረ በመደርደር ዕድሜውን በአብዛኛው እነዚያኑ ሲሥል ኖሮ በ1964 እ.ኤ.አ. ዐረፈ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቃና ዘገሊላ ሠርግ ሲሣል ጋኖቹ አይቀሩም። የነገሥታቱን ግብር በሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎችም ላይ ቀንድ ዋንጫና ብርሌ በየእጁ ይታያል። ነገር ግን በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ዕቃው የሰው አጃቢ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከከፈቱ ወዲህ ዕቃ ደርድሮ መሣል የተማሪ መለማመጃ ሆኗል፤ እንደ ደስታ ሐጎስ ያሉ ሴት ሠዓሊዎችም የወጡት ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ግን ጠላን ለመሣል ጋን ያስፈልገኝ ነበር። አዲስ አበባ ባለው ቤቴ ጋን የለም። የእናቴ ጋን ያለው እንጅባራ፣ ታናሽ እህቷ ከሆኑት ከአክስቴ ቤት ነው።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በጥር ወር አጋማሽ ጉዞ ጀመርሁ። ከአዲስ አበባ እስከ እንጅባራ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አውቶቡሱ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን ይሻገርና ሽቅብ ወደ ደጀን ያቃስታል። ደብረ ማርቆስን፣ በአረቄዋ የታወቀችውን ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ ወደ ቲሊሊ ሲደርስ አየሩ እየቀዘቀዘ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው አገር የገብስ፣ የድንች፣ የቀርከሃና የፈረስ አገር ነው። እንጅባራ ሊገባ ጥቂት ሲቀር፣ ከመንገዱ አጠገብ፣ ዙሪያውን በዛፍ የተከበበው የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ስለሆነ ክብ ነው። ከላይ ሆኖ ሲመለከቱት እስከ አፉ የተሞላ ጋን ይመስላል። ምናልባት እኔ ሐሳቤ ሁሉ ጋን ሆኖ ይሆናል።

እንጅባራ፣ በቀድሞ ስሟ ኮሶበር፣ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ነች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የጥር ማለዳዋ ውርጭ ነው። የአክስቴን ቤት ለማግኘት አድራሻ አላስፈለገኝም። በደጃቸው በተተከለው ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋው ጣሳ «እዚህ ጠላ አለ» ይላል። ይህ ጣሳ በእናቴም ደጅ ነበር። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓደኞቼ እንዳያዩት በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

አክስቴ ዕድሜያቸው ከ65 አልፏል። ሁላችንም የምንጠራቸው እቴቴ እያልን ነው። ስመው ሲያበቁ የመጣሁበትን ጠየቁኝ። «የጠላ ዕቃዎችዎን ልሥል ነው የመጣሁ» ስላቸው፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተሽ የምትሥዪው ይህን የጠቆረ ጋን ነው? ዘንገና አለ አይደል፣ ፈረሱ አለ አይደል» አሉ። ሰው እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርገው፣ ጋኖቹን በነጠላ ሊሸፍኗቸው ተነሡ። እኔ ነኝ እጃቸውን የያዝሁ።

እንደ ዕድል ሆኖ የደረስሁት ጠመቃ በተጀመረበት ሰሞን ነው። በአዊ፣ ጥር 23 ቀን ትልቅ ቀን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚህ ዕለት፣ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞች እያሰበ በዓሉን በፈረስ ጉግስና ሽምጥ ያከብራል። ፈረሶቹ በቀይና በአረንጓዴ ጌጥ ተሸልመው፣ ፈረሰኞቹ ጋሻና ጦር ይዘው ሜዳውን ሲሞሉት ያየ ሰው አይረሳውም። ፎቶግራፍ አንሺውም ሆነ ጋዜጠኛው የሚያየው ይህንኑ ነው። ይሁንና ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመለስ የሚጠጣው ጠላ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በሴቶች እጅ፣ በጭስ ቤት ውስጥ ነው። ይህን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሥዕሌ ጌሾ ሆነ። የደረቀ የጌሾ ቅጠል በሰፌድ ላይ። ቀጥሎ ብቅል። ገብሱ ውሃ ውስጥ ከርሞ ከወጣ በኋላ በቅጠል ተሸፍኖ ለጥቂት ቀናት ይቀመጥና ነጫጭ ሥር ሲያወጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በብቅልነቱ ጊዜ እህሉ በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳርነት የሚለውጥ ኀይል ያበጃል፤ እርሾው ደግሞ ያንን ስኳር ወደ አልኮልነት ይለውጠዋል፤ ጌሾው ምሬቱንና መዓዛውን ይሰጣል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል። አክስቴ ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩትም። ነገር ግን ብቅሉን በጥርሳቸው ሰበር አድርገው «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ይላሉ፤ ተሳስተውም አያውቁም።

ሦስተኛው ሥዕል እንኩሮ ነው። ገብሱ በደንብ ተቆልቶ አሻሮ ከሆነ በኋላ ይፈጫል፤ ዱቄቱ በውሃ ይታሽና ምጣድ ላይ እየተገላበጠ ይበስላል። የጠላው መልክ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። አቆላሉ ጠቆር ካለ ጠላው ይጠቁራል፣ ሳሳ ካለ ይቀላል። እኔ ቡናማውን ቀለም ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቂት ሰማያዊ ስቀላቅል ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አክስቴ ከምጣዱ ቀና ብለው ወረቀቴን አዩና «ያንቺው አረረ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሰማያዊ አብዝቼ ነበር።

አራተኛው የእናቴ ጋን ነው። ቁመቱ ከወገቤ ይደርሳል። እናቴ ስታርፍ ከዳንግላ በጋሪና በመኪና አጓጉዘው ያመጡት አክስቴ ናቸው። ሆዱ ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። ምን ጊዜ እንደተሰነጠቀ አውቃለሁ፤ ሰባት ዓመቴ ሳለ ኳስ ስጫወት መትቼው ነው። እናቴ አልገረፈችኝም። ስንጥቁን ደፍና፣ በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና እንደገና ጠንስሳበታለች። ጌሾው ከውሃ ጋር ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ብቅሉና የተፈረፈረው ቂጣ ሲጨመር ጥንስስ ይሆናል፤ እንኩሮው ሲገባ ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ አፉ ይደፈናል። እንጅባራ ብርድ ስለሆነች ከዳንግላ ይልቅ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮዬን በጋኑ ሆድ ላይ ብለጥፍ ድፍድፉ ሲፈላ ይሰማኛል። በልጅነቴ ያስተኛኝ የነበረው ድምፅ ይህ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መኝታዬ ከጋኑ ጎን ነበርና።

የሸክላውን ነገር ካነሣን፣ ይህን ጋን የሠሩት እጆችም የሴት እጆች ናቸው። በአገራችን ሸክላ የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ለዘመናት «ጠይብ» እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። ሸክላ ሠሪዋ ትናቃለች፣ ጠማቂዋ ትታማለች፤ ድግሱ ግን ያለ ሁለቱ አይደገስም። ሌላውም ዓለም ቢሆን ከዚህ የራቀ አይደለም። ከ3800 ዓመት በፊት ገደማ በዛሬዪቱ ኢራቅ ይኖሩ የነበሩት ሱመራውያን የጠመቃ አምላካቸው ኒንካሲ የምትባል ሴት ነበረች፤ የጠመቃውን ሥርዓት የሚዘረዝር መዝሙርም ጽፈውላታል። በአውሮፓም ለብዙ ዘመን ቢራ በየቤቱ የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ። ጠመቃው ወደ ትልልቅ ድርጅትና ወደ ፋብሪካ ሲገባ ከእጃቸው ወጣ። በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ፋብሪካው ጠማቂውን «ባለሙያ» ብሎ ደመወዝ ይከፍለዋል። አክስቴ ደግሞ ባለሙያ የሚባሉት የሰው ሠርግ ሲደርስ ብቻ ነው።

አምስተኛው ሥዕል ማጥለያውና ከሥሩ ያለው ማሰሮ፣ ስድስተኛው ደግሞ ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት መጠጫዎች ናቸው። አንዱ ጉሽ፣ አንዱ የጠለለ ጠላ፣ ሦስተኛው ቅራሪ ይዘዋል። ጥር 21 ቀን ማታ ስድስቱንም መደብ ላይ ደርድሬ አክስቴን ጠራኋቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ኩራዝ እንደሚይዝ ሰው ስልኬን በመብራቱ ይዘው፣ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦

«አምሮብሻል። ጋኑ ጋን ነው፤ ጠላውም ጠላ ነው። ግን ልጄ፣ ሰው የለበትም። ይህን ያየ ሰው ማን ጠመቀው ይላል? ጌሾው ራሱ ሄዶ ገባ?»

የሥዕሉ ዓይነት እንዲህ ነው፣ ዕቃ ብቻ ነው የሚሣልበት ብዬ ላስረዳቸው ሞከርሁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«መታወቂያዬንስ አይተሽዋል? የቤት እመቤት ነው የሚለው። ማንም አልዋሸም። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው። አሁን አንቺም ዕቃውን ሣልሽና ባለቤቱን ተውሽው።»

መልስ አጣሁ። ለልጄ የነገርኋትን፣ ስድስተኛ ክፍል የሠራሁትን ሁሉ አውጥቼ ነገርኋቸው። አለቀስሁም። አክስቴ ግን አላለቀሱም። «እናትሽ ታውቅ ነበር» አሉኝ። «መምህሩ ለመጠጣት ሲመጡ ነግረዋታል። ሰው ቢጠይቃት "ልጄ እውነቷን ነው፣ እመቤት ነኝ" ብላ ሳቀች። ማታ ግን እዚህ ድረስ መጥታ ከእኔ ጋር አደረች።» ከዚህ በላይ አላሉም፤ እኔም ምን እንዳለች አልጠየቅሁም።

በዚያ ሌሊት አስተማሪያችን ያሳዩን አንዲት ሠዓሊ ትዝ አለችኝ። ክላራ ፒተርስ ትባላለች፤ በ1600ዎቹ መጀመሪያ በአንትወርፕ አካባቢ ዕቃ እየደረደሩ ከሣሉት የመጀመሪያዎቹ ሠዓሊዎች አንዷ ነች። በ1611 እ.ኤ.አ. በሣለችው አንድ ሥዕል ላይ፣ ወርቃማው ዋንጫ ባሉት እብጠቶች ላይ የገዛ ፊቷን ትንንሽ አድርጋ ደጋግማ አስቀምጣለች። ከሩቅ ሲያዩት የብርሃን ነጠብጣብ ነው፤ ቀረብ ሲሉ ብሩሽ የያዘች ሴት ናት። ማድሪድ የሚገኘው የፕራዶ ቤተ መዘክር በ2016 እ.ኤ.አ. የእርሷን ሥራዎች ለብቻ ሲያሳይ፣ በዚያ ቤት ለሴት ሠዓሊ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ትርዒት ሆነ። ይህን ለአክስቴ በማግሥቱ ነገርኋቸው። «እና ተሸሸገች?» አሉ። «አይደለም፤ ቀርቦ ለሚያይ ታየች» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና ከደጁ እንጨት ላይ ጣሳውን አወረዱት። በአመድ ፈተጉት፤ አጠቡት፤ እስኪያብለጨልጭ አደረቁት። ከዚያም ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጣሳውን በፊታቸው አኖሩና «በይ ሣዪ፤ የምጠልለው ጠላ አለኝ» አሉ።

ሰባተኛው ሥዕል ያ ነው። የእናቴ ጋን፣ ከፊቱ ጣሳ፣ በጣሳው ክብ ጎን ላይ አውራ ጣት የማታህል ሻሽ ያሰረች ሴት። ብርዱ ቀለሙን ቶሎ ስለማያደርቀው ፊታቸው ትንሽ ፈሷል። ዓይናቸው አይለይም። አክስቴ ግን ሲያዩት «ሻሼ ነው፤ እኔ ነኝ» አሉ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ዳንግላ ሄድሁ። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ ቅዳም በኩል ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬው በማሳው ላይ አካሺያ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ ከመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይታያል። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ የምትል ከተማ ነች። የታሪክ ሰዎች የሚያውቋት የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ በመሆኗ ነው። ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ቆንስላ የነበረው ቺስማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እኔ የማውቃት ግን በአንዲት ጠባብ ጉራንጉር ነው።

የተወለድሁበት ቤት ግሮሰሪ ሆኗል። ደጁ ላይ ጣሳ የለም፤ የቢራ ማስታወቂያ አለ። ገብቼ ተቀመጥሁ። ለአስተናጋጇ «ጠላ አለ?» ብላት ሣቀችና «እትዬ፣ እዚህ ቢራ ነው፤ ጠላ የድሮ ነው» አለችኝ። አንድ ቢራ አዝዤ ሳልጠጣው በእርሳስ ሣልሁት። ጠርሙሱ ላብ አውጥቶ፣ ቆርኪው ከጎኑ ተገልብጦ፣ በዚያው ማዕዘን የእናቴ ጋን በነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ ብርሃን በአረንጓዴው ውስጥ ሲያልፍ ያምራል። የባንክ ሠራተኛው ጓደኛዬ ለምን እንደመረጠው ገባኝ። አስተናጋጇ ከትከሻዬ በላይ ስታይ ቆይታ «እኔንም ይጨምሩኝ» አለችኝ። ጠርሙሱ ላይ፣ ከምልክቱ በላይ፣ እርሷንም ጨመርኋት።

እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። ስለ መጠጥ ዕቃ ማማር ሲነገር የመጠጡ ጉዳት ሊሸፈን አይገባውም። የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከመቶ ከ2 እስከ 4 ሲሆን፣ ጠንከር ተደርጎ የሚጠለለው ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ «ጠላ አያሰክርም» የሚባለው እውነት አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆኑ እህቶች ጠላም ሆነ ቢራ ባይጠጡ ለፅንሱ እንደሚበጅ ሐኪሞች ደጋግመው ይመክራሉ። ለሕፃናት ቅራሪ የመስጠት ልማድም ሊቀር ይገባዋል። የሰከረ ባል የሚያመጣውን መከራ ከጠላ ሻጭ ልጅ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ የሌላው ሰው ሚስት እናቴ ደጅ መጥታ ስታለቅስ አይቻለሁ። አክስቴ በዚህ ረገድ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቃሉ የተኮላተፈ ሰው ሁለተኛ አይቀዱለትም። «ሰክሮ እያየሁ ከቀዳሁለት በሚስቱ ላይ የሚያነሣው እጅ የእኔም እጅ ነው» ይላሉ።

የመጨረሻው ቀን ማታ ስለ ጋኑ አንሥተን ተነጋገርን። አክስቴ ወገባቸውን ያማቸዋል። ጋኑን ለማዘንበልና ለማጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የፕላስቲኩ በርሜል ግን ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም። በዚያ ላይ ወጣቱ ወደ ቢራ ሄዷል። ከበዓሉ በኋላ ጋኑን ለሰው ሊሰጡት አስበው እንደነበር ያን ዕለት ነገሩኝ። እኔም አዲስ አበባ ልውሰደው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የት ይቆማል? እንደ አበባ ማስቀመጫ ልናቆመው? «ጋን ሥራ ሲፈታ ይሰነጠቃል» አሉና ሳቁ። ሥዕሎቹን ግን ሁሉንም እንድወስድ አዘዙኝ። «ለልጅሽ ናቸው። ለእኔ ዕቃው አለኝ» አሉ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከሁሉ አስቀድሜ ለልጄ እውነቱን ነገርኋት። ሰባቱን ሥዕሎች ምንጣፍ ላይ ዘርግቼ ከጌሾው እስከ ጣሳው ድረስ አስረዳኋት። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ አጎነበሰች። «እዚህ ውስጥ ሰው አለ!» አለች። ማን እንደሆነች ነገርኋት። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ሳሳያቸው የሳቀ አልነበረም። አስተማሪያችን የአራተኛውን ሥዕል ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው «ይህን ያየሽው ነው» አሉኝ። የበለጠ ምስጋና አልፈለግሁም።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት በመነሣቱ አክስቴን እንደ ልቤ ሄጄ አላየኋቸውም። ስልክ ሲሠራ እንነጋገራለን። ፈረሱንም ዘመዱንም እየጠቀሱ ደኅና መሆናቸውን ይነግሩኛል። በአንድ ወቅት ስለ ጋኑ ጠየቅኋቸው። ጠላውን አሁን በበርሜል ነው የሚጠምቁት። ጋኑን ግን ለማንም አልሰጡትም፤ የዘር ገብስ አስቀምጠውበታል።

እናቶችና እህቶች፣ በየቤታችን እንዲህ ያለ ዕቃ አይጠፋም። የአንዳችን እናት እንጀራ ጋግራ ሸጣለች፣ የሌላችን ጥጥ ፈትላለች፣ የሌላችን ቅጠል ተሸክማ ከእንጦጦ ወርዳለች። ልጆቻችን ሲጠይቁን ሥራውን በስሙ እንንገራቸው። እናቶቻችን በሕይወት ካሉ፣ እንዴት እንደሚሠራ ራሳቸውን እንጠይቃቸው፤ የሚሥል ይሣል፣ የሚጽፍ ይጻፍ፤ ሁለቱንም የማይችል ቁጭ ብሎ ይስማ።

ልጄ በደብተሯ የጻፈችውን «የቤት እመቤት» በላጲስ ልታጠፋው ብትሞክር በእስክሪብቶ የተጻፈ ነውና አልጠፋ አለ። ስለዚህ በአንድ መስመር ሰርዛው ከበላዩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አያቴ በዳንግላ ከተማ ጠላ ጠማቂ ነበረች። አራት ልጆች አስተምራለች።» የተሰረዘውም፣ የተጻፈውም ሁለቱም ይነበባሉ።